የ15 ሺህ ብሩ ሥዕል

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሒሳብ ነው። በወር መጨረሻ የቁጠባ ደብተራችሁን እያገላበጥኩ «ይቺ ሃምሳ ብር የት ገባች?» እያልኩ የማስቸግራችሁ እኔ ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። በዲፕሎማ ከተመረቅኩ ጀምሮ እስከ ዛሬ ልጄን የማሳድገውም በዚሁ ሙያ ነው። ዛሬ ግን የቆምኩት የእናንተን ሒሳብ ላቀርብ አይደለም፤ የራሴን ልናገር ነው።

የዛሬ ዓመት ከተዘዋዋሪ ብድራችን 15 ሺህ ብር ወስጃለሁ። በ12 ወር፣ በየወሩ 1,250 ብር እየከፈልኩ የምመልሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ ሣጥን ገንዘብ የወጣው ለእንጀራ ምጣድ፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለዶሮ እርባታና ለጉሊት ንግድ ነው። እኔ የጠየቅኩት የሥዕል መሣያ ነው። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብዕር የሚሣልበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለ፣ ታብሌት ይሉታል። ማመልከቻዬ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊት ከተቀመጡት እናቶቻችን አንዷ እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ ድምፅ ሲሰጥ ከአዳራሹ እንድወጣ ተደረገ። በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩባት ሩብ ሰዓት እስካሁን ትዝ ትለኛለች። ብድሩ በሁለት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

የዛሬው ንግግሬ ለእማማ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በእንግሊዝኛው ኮንሴፕት አርት ይባላል። ቤት ከመሠራቱ በፊት ንድፍ እንደሚወጣለት ሁሉ፣ ካርቱን፣ ፊልም ወይም የኮምፒውተር ጌም ከመሠራቱ በፊት በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ይነደፋል። ልጅቷ ምን ለብሳለች? ጫማዋ አዲስ ነው ወይስ ያረጀ? ጎጆው በሣር ተከድኗል ወይስ በቆርቆሮ? ብርሃኑ የጧት ነው ወይስ የማታ? ሠዓሊዋ ቁጭ ብላ ለአንዱ ጥያቄ አሥርና ሃያ ዓይነት ትንንሽ ንድፍ ትሠራለች። ከመካከሉ አንዱ ይመረጣል። የተመረጠውን ደግሞ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ አድርጋ ትሥለዋለች፤ ምክንያቱም በኮምፒውተር የሚቀርጹትና የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቆንጆ ሥዕል መሥራት ብቻ አይደለም። ገና ያልተፈጠረን ነገር፣ ሌላ ሰው እንዲሠራው ግልጽ አድርጎ ማሳየት ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሥላለሁ። የደብተሮቼ የኋላ ገጾች በሙሉ ሥዕል ነበሩ። ማትሪክ ሲደርስ ተውኩት፣ ከዚያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ልጅ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እንደገና ጀመርኩና፣ ጎበዝ የሆንኩ ሲመስለኝ 12 ሥዕሎች መርጬ ለአንድ አኒሜሽን ለሚሠራ ድርጅት ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር። መስመሬ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሥዕሎቹን ግን ከዚህ በፊት ያዩዋቸው እንደሚመስላቸው ይናገራል። ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሎቹን ደርድሬ አየኋቸው። በበረዶ የተሸፈነ ግንብ፣ ሰይፍ የያዘ ባላባት፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ። እኔ በሕይወቴ በረዶ የሸፈነው አገር አይቼ አላውቅም። ከሌሎች ሰዎች ፊልም የቀዳሁት ነበር። ድርጅቱ እውነቱን ነው።

ብድሩን የወሰድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ታብሌቱን ገዛሁ፣ በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ክሪታ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ የሥዕል ፕሮግራም ጫንኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን እንደ አንድ ተቋም መረመርኩት። ያገኘሁት ጉድለት ግልጽ ነበር፤ የምሥለው ደስ ሲለኝ ብቻ ነው። ደስ ሲላት ብቻ የምትቆጥብ አባል ምን እንደምትሆን ደግሞ ከእናንተ ጋር ሆኜ አይቻለሁ።

ስለዚህ መደበኛ ቁጠባ ጀመርኩ። በቀን 20 ደቂቃ። ልጄ ከተኛ በኋላ ወይም በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በእርሳስና በተራ ወረቀት። ሰኞና ማክሰኞ ሰው እሥላለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው፣ አቋሙ ብቻ፣ በ30 ሰከንድ። ሰው ስለሚንቀሳቀስ ዓይንና አፍንጫ ለመሣል ጊዜ የለም፤ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ ብቻ ትይዣለሽ። ረቡዕ ዕቃ እሥላለሁ፦ ጀበና፣ ሙቀጫ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ። ሐሙስ ብርሃንና ጥላ ብቻ፤ መስመር የለም፣ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር። ዓርብ ፈተና ነው፤ ሰኞ የሣልኩትን ሳላይ ከጭንቅላቴ አውጥቼ እሥላለሁ። ዓርብ ላይ የጠፋብኝ ነገር ሰኞ በደንብ ያላየሁት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን እጽፋለሁ። መጥፎውንም አልቀድም፤ ሒሳብ ሠራተኛ የተበላሸ ደረሰኝ ይሰርዛል እንጂ ቀዶ አይጥልም።

በአራተኛው ወር ግን ቆምኩ። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ፣ እጄም ፈጥኗል። ሆኖም አንድ ሰው «ምን ሠራሽ?» ቢለኝ የማሳየው ነገር የለኝም። የተቆራረጠ እጅ፣ የተቆራረጠ ጀበና። ለምን እንደሚያስቀምጥ ሳያውቅ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ሆንኩ።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ፕሮጀክት ያስፈለገኝ። ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም የማይከፍለኝ፣ ነገር ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ። የመረጥኩት ሁላችሁም የምታውቁትን ተረት ነው። የእንጀራ ልጇ አልወድሽ ያላት ሴት ወደ አንድ አዋቂ ሄዳ መድኃኒት ትለምናለች። እሱም ከሕያው አንበሳ ላይ ጠጉር ነቅለሽ አምጪ ይላታል። ሴትየዋ በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች፣ ዛሬ ከሩቅ፣ ነገ ትንሽ ቀረብ እያለች፣ አንበሳውን ታላምደዋለች። ይህ ተረት ካርቱን ቢሆን ምን ይመስላል ብዬ ለራሴ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሴትየዋ፣ ልጁ፣ አንበሳው፣ ቤቱ፣ መንገዱና ሦስት ዋና ዋና ትዕይንቶች። የአምስት ወር ጊዜ ሰጠሁት፣ የማስረከቢያውን ቀንም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

ፕሮጀክቱ በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገው ነገር የማልችለውን ዝርዝር ማውጣት ነው። አንበሳ መሣል አልችልም። የሣልኩት አንበሳ ጎፈሩ ብጫ ሆኖ ፈገግ ይላል፤ አሁንም የውጭ ፊልም ነው። ልጄን ይዤ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄድኩ። ለካ የእኛ አንበሳ ጎፈሩ ጥቁር ነው፤ ከአንገቱ አልፎ ደረቱ ላይ፣ ከሆዱም ሥር ይወርዳል። ሲተኛ ደግሞ እንደ ድመት አይጠቀለልም፣ እንደ ደከመ ሰው ይዘረጋል። ሁለት ሰዓት ቆሜ ሣልኩ። ከዚያም እዚያው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባሁ። የድሮ ልብስ፣ የቆዳ ዕቃ፣ የቤት ዕቃ በእውነተኛ መጠኑ እዚያ አለ። ለሴትየዋ ቤት የሚሆነውን እየመረጥኩ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የየቀኑ 20 ደቂቃ መልኩ ተለወጠ። ረቡዕ ዕለት ያገኘሁትን ዕቃ ሁሉ መሣል ተውኩ፤ ፕሮጀክቱ የጠየቀኝን ዕቃ መሣል ጀመርኩ። ልምምዱ ፕሮጀክቱን ያበላዋል፣ ፕሮጀክቱ ደግሞ ለልምምዱ የት እንደሚሄድ ይነግረዋል። ከዚህ ዓመት የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። ልምምድ ብቻውን እጅ ያፈጥናል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ፕሮጀክት ብቻውን ደግሞ ባልሠለጠነ እጅ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ተረቱ ውስጥ ቀናት ማለፋቸውን በቃል ሳይነገር እንዴት አሳያለሁ? በመጀመሪያ ፀሐይና ጨረቃ ሣልኩ፤ አሰልቺ ነው። በኋላ መንገዱን አሰብኩ። በመጀመሪያው ትዕይንት ከቤቷ ወደ ጫካው የሚወስድ መንገድ የለም፣ ሣር ብቻ ነው። በሁለተኛው ሣሩ ሳስቷል። በሦስተኛው በእግሯ ተረግጦ ቀጭን ቀይ መንገድ ወጥቷል። ይህን ያገኘሁት አሥራ ሰባት ትንንሽ ንድፍ ከጣልኩ በኋላ ነው። አሥራ ስምንተኛው ነበር።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። በሰባተኛው ወር ስብሰባችን ላይ ቡና እስኪፈላ ሥዕሎቹን ላሳይ አመጣሁ። ሴትየዋ እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመለስ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ እኔ በጣም የምኮራበት። ሁላችሁም «ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» አላችሁኝ። እማማ ግን ሥዕሉን ተቀብለው፣ ራቅ አድርገው፣ መልሰው አቅርበው አዩና፣ «ይቺ ሴትዮ ምንም አልተሸከመችም። እንስራው ባዶ ነው» አሉ።

አልገባኝም። እማማ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተነሡና ነጠላቸውን እንደ ገመድ ደረታቸው ላይ አሥረው አሳዩኝ። ሸክም ያለበት ሰው ደረቱን አይነፋም። አንገቱ ወደ ፊት ይቀድማል። ሁለት እጆቹ ገመዱን ደረቱ ላይ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ክርኖቹ ወደ ጎን አይወጡም፣ ይሰበሰባሉ። እግሩ ሰፋ ይላል፣ እርምጃው ግን ያጥራል። ዓይኑ የሚያየው አድማሱን ሳይሆን ቀጥሎ የሚረግጠውን ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ ሲያሳዩኝ እኔ በፍጥነት እሥል ነበር፤ የ30 ሰከንዱ ልምምድ ያን ቀን ጠቀመኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ካገኘኋቸው ትምህርቶች ሁሉ የሚበልጠውን የሰጡኝ ብድሩን የተቃወሙት እናት ናቸው። ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች መስመሬን አርመውልኛል። ሸክም የሚያውቁት ግን ሥዕሌን አረሙት።

በራሱ ጊዜ በሚሠራው ሥራ የተለወጠ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ታይረስ ዎንግ የሚባል ቻይና ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ዲዝኒ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያሉትን የእንቅስቃሴ ሥዕሎች መሙላት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር። እኔ ደረሰኝ እንደማስገባው ማለት ነው። ድርጅቱ ስለ አንድ የአጋዘን ግልገል «ባምቢ» የተባለ ፊልም ሊሠራ እንደሆነ ሰማ። ማንም ሳያዝዘው በራሱ ጊዜ አጋዘኖችን በጫካ ውስጥ የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ሠራ። ቅጠሉን ሁሉ አልዘረዘረም፤ ጭጋጉንና ብርሃኑን ብቻ አሳየ። ሥዕሎቹን ኃላፊዎቹ ሲያዩ የፊልሙ መልክ በእሱ ሥዕሎች ላይ እንዲመሠረት ወሰኑ። ፊልሙ በ1942 ወጣ። ዎንግ በ2016 በ106 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ረጅም ዘመን ኖሯል፤ ይህ ሥራው ግን በሰፊው የታወቀለት ካረጀ በኋላ ነው።

ከሴቶች ደግሞ ሜሪ ብሌር አለች። እ.ኤ.አ. በ1941 ከዲዝኒ ሠዓሊዎች ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዳ፣ በመንገድ የምታየውን ሰውና ገበያ ስትሥል የቀለም አጠቃቀሟ ተለወጠ። በኋላ «ሲንደሬላ»ና «ፒተር ፓን» ለተባሉት ፊልሞች የመጀመሪያዎቹን የቀለም ንድፎች ከሠሩት አንዷ እሷ ናት። ሁለቱም ያደረጉት ተመሳሳይ ነው፤ በዓይናቸው ያዩትንና የወደዱትን በራሳቸው ሥራ ውስጥ አስገቡ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በዓመቱ ውስጥ ካሉት 365 ቀናት 291 ቀን ሣልኩ። 74 ቀን አልሣልኩም። ግማሹ በሰኔና በሐምሌ የበጀት ዓመት መዝጊያ ሥራ ሲበዛ ነው። ጥቂቱ ልጄ ሲታመም። የቀረው ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ገቢ። ከሦስት ሥራ 11,400 ብር አገኘሁ። ለአንድ ሱቅ ምልክት 2,400፣ ለሕፃናት መጽሐፍ ሥዕሎች 4,000፣ ለአጭር አኒሜሽን የሁለት ገጸ ባሕርያት ንድፍ 5,000። እውነተኛው ኮንሴፕት አርት የመጨረሻው ብቻ ነው። እሱንም ያገኘሁት ሰውየው እንስራ ያዘለችውን ሴት አይቶ ነው፤ እማማ ካረሟት በኋላ ያለችውን።

ወጪ። ታብሌት 15,000፣ ወረቀትና እርሳስ 1,380፣ ኢንተርኔት 2,700። ድምሩ 19,080 ብር። ስለዚህ 7,680 ብር ከስሬያለሁ። ሒሳብ የተማራችሁ «ታብሌቱ በአንድ ዓመት አያልቅም፣ ለአራት ዓመት ይከፋፈል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ እንደዚያ ከተሠራ የዓመቱ ወጪ 7,830 ብር ይሆንና 3,570 ብር አትርፌያለሁ። ሁለቱም ትክክል ነው። ቦርሳዬ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። የወር ክፍያዬን አንድም ወር ሳላሳልፍ ከነአገልግሎት ክፍያው ከፍያለሁ። የከፈልኩት ግን ከደመወዜ ነው። ይህን የምለው ነገ ሌላ እህት ለተመሳሳይ ነገር ስትጠይቅ፣ ብድሩን የምትመልስበት ሌላ ገቢ እንዳላት ኮሚቴው መጠየቅ ስላለበት ነው። ደመወዝ ባይኖረኝ ኖሮ ይህ ብድር ቤቴን ያናጋው ነበር።

እንግዲህ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ? እማማ፣ እስካሁን ወጥ ሆኗል። እንጀራውን አሁንም የሚያስገባው ሒሳቡ ነው።

ለእህቶቼ ጥቂት ልጨምር። ይህ ነገር የሥዕል ብቻ አይደለም። ጥለት የምትነድፊ፣ ልብስ የምትሰፊ፣ ስፌት የምትሰፊም ብትሆኚ ያው ነው። ትንሽ ሰዓት ምረጪ፣ ግን በየቀኑ የምትችይውን። የሠራሽውን ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ መጥፎውም የት እንደነበርሽ ያሳይሻል። ደንበኛ ያላዘዘሽ አንድ የራስሽ ሥራ ይኑርሽ፣ የሚያልቅበትም ቀን ይኑረው። ስትጨርሺ ሙያውን ለሚያውቅ ብቻ አታሳዪ፤ ነገሩን ለሚያውቅ አሳዪ። የቡና ረከቦት ከነደፍሽ ቡና ለምታፈላ አሳዪ።

ማኅበራችንን ለምትደግፉ ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለልጆቻችን ሥዕል ማስተማሪያ መርዳት ብትፈልጉ ከታብሌት አትጀምሩ። ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከመጓጓዣ ጀምሩ። ከ291ዱ ቀናት አብዛኛውን የሣልኩት በእርሳስ ነው። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ጉዞ ደግሞ የስድስት ኪሎው ነበር።

በመጨረሻ፣ ብድሩ ስላለቀ ታብሌቱ አሁን የእኔ ነው። ሆኖም የተገዛው በእናንተ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። መሣል የሚፈልግ ልጅ ያላት ትላክልኝ። ራሷ መማር የምትፈልግም ትምጣ። እርሳስ እኔ አመጣለሁ።

የዛሬዋን ሥዕል ደግሞ ይዣት መጥቻለሁ። ሴትየዋን እንደገና ሣልኳት፤ አንገቷ ወደ ፊት ነው፣ ክርኖቿ ተሰብስበዋል፣ የምታየው ድንጋዩን ነው። እማማ፣ እባክዎ ይመልከቷት። እንስራው አሁን ሞልቷል?